የሰኔ ጾም ዲያኒ ላይ

ሚያዝያ 15

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ከፈረንሳይ ሰፈር መገናኛ በታክሲ፣ ከመገናኛ ጉርድ ሾላ በእግር። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ አይሠራም። ቢሮውን ከፈትኩ፣ አቧራ ወለወልኩ፣ ስልክ ጠበቅኩ። አንድ ሰው ደወለ። የዱባይ ዋጋ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ሳቀና ዘጋው።

በቱሪዝም ዲግሪ፣ ያውም በማዕረግ። አራት ወር ሙሉ "ሙከራ" ላይ። ጋሽ ሰርፀ፣ የጉዞ ቢሮው ባለቤት፣ ዛሬ ቁርጡን ነገሩኝ።

"ሃይሚ፣ አንድ ግሩፕ አምጪልኝ። ስምንት ሰው። ሄደው፣ ደስ ብሏቸው ከተመለሱ ኮንትራት ትፈርሚያለሽ።"

"ካልሆነስ?"

"ካልሆነማ... ቢሮውን ለልብስ ሰፊ አከራያለሁ።"

እየቀለዱ ነው? አይመስለኝም። ስምንት ሰው ከየት ይመጣል? ዱባይ የሚሄድ እኛ ጋ አይመጣም። እስካሁን ማንም ያልጠየቀው ማን አለ?

ሚያዝያ 18

አገኘሁ! እትዬ ፈትለወርቅ። ከኛ ቤት በላይ ዳገቱ ላይ የሚኖሩት፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት። ስምንት ሆነው የማርያም ማኅበር አላቸው፣ ወር በገባ በ21 ይገናኛሉ። ሁሉም ጡረተኛ። ሦስት ዓመት ዕቁብ ጥለው "ከመሞታችን በፊት ባህር እንይ" እንደሚሉ እናቴ ነግራኛለች።

ከመሞታችን በፊት... ደግሞ ማን ሊሞት ነው? ዳገቱን ከኔ ቀድመው ነው የሚወጡት።

ስለዚህ ባህር። በጡረተኛ አቅም። ኬንያ ለኛ ቪዛ አትጠይቅም። እስከ ናይሮቢ በአውሮፕላን፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ትንሽ ወረድ ሲባል ዲያኒ የሚባል የባህር ዳርቻ።

ሚያዝያ 19

ቀኑን ሙሉ ሆቴል ስፈልግ ዋልኩ። የተማርኩትን ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ አዋልኩት።

ዳርቻው ላይ የተደረደሩት ሆቴሎች አይቀመሱም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሁለተኛው ረድፍ ግን ግማሽ ዋጋ ነው። የአምስት ደቂቃ መንገድ፣ ያው ባህር፣ ያው አሸዋ። ዳርቻው የሕዝብ ነው፣ ማንም ሄዶ ይቀመጣል። ባህር የሚያሳይ መስኮትስ ምን ያደርጋል? እዚያ ድረስ ሄዶ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ማን ነው? ወደ አትክልቱ የሚያይ ክፍል ይበቃል። ኤሲ አያስፈልግም፣ ቬንቲሌተርና አጎበር ካለ።

ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ዋጋ አምኖ አለመክፈል። በቀጥታ መደወል። ደወልኩ። ጁማ የሚባል ልጅ አነሳ፣ ሆቴሉ የቤተሰቡ ነው። ድረ ገጹ ኮሚሽን እንደሚወስድባቸው ስለማውቅ እሱን አስቀነስኩ። በዚያ ላይ አሁን እዚያ የዝናብ ወቅት ነው፣ እንግዳ የለም። ሰባት ቀን ከቆያችሁ ዋጋው ይወርዳል አለ። ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት ተጨምሮበት! ደግሞ ለስምንት እንግዳ አንድ አልጋ በነፃ። ጋሽ ሰርፀ በዚያ አልጋ አስተባባሪ ሆነው ይሄዳሉ።

ብቻ የዝናቡን ነገር እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ሚያዝያ 21

ማኅበሩ ላይ ተገኘሁ። እንደ ተማሪ አስቁመው የጉዞውን ዕቅድ አስነበቡኝ። ዝናቡን ሳልደብቅ ተናገርኩ።

"ዝናብ ለማየት ኬንያ?" አሉ አንዷ። "ዝናብማ ፈረንሳይም ሞልቷል።"

"የፈረንሳዩ ጭቃ ነው የሚያስነካሽ፣ የዚያኛው አሸዋ ነው" አሉ እትዬ ፈትለወርቅ። ተሳሳቁ።

ከዚያ ክፍል ለሁለት እንደሚያዝ ስነግራቸው ጉድ ፈላ። "እኔ ከአስካለ ጋር አላድርም፣ ታንኮራፋለች።" "አንቺስ? ባልሽ ጆሮው የደነቆረው በማን ሆነና!" ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ማንኮራፋት። ባህሩ ተረሳ።

በመጨረሻ እሺ አሉ። ሁሉም!

ግንቦት 2

ቀብድ ገባ። የማይመለስ ነው፣ ዋጋው የወረደውም በዚያ ምክንያት ነው። ወረቀቱን አትሜ ለእያንዳንዳቸው ሰጠሁ፦ ከጁን 4 እስከ 11። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ እንዳይረሱ፣ ባጃጅ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ዋጋ እንዲነጋገሩ፣ የሚጠጣ ውሃ ከሱቅ በትልቁ እንዲገዙ... ሁለት ገጽ ሙሉ ምክር።

ጋሽ ሰርፀ አነበቡትና "ጎበዝ" አሉ። በአራት ወር አንድ "ጎበዝ"። ይያዝልኝ።

ግንቦት 9

ከየት ልጀምር...

ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እትዬ ፈትለወርቅ ናቸው፣ ወረቀቴ በእጃቸው፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ።

"ይሄ ጁን አራት የሚሉት በኛ ስንት ነው?"

"ግንቦት 27 እትዬ።"

"ጾሙስ የሚገባው መቼ ነው?"

"የምን ጾም? ፋሲካ አልፎ የለ እንዴ?"

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩኝ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አስተያየት።

"የሰኔ ጾም፣ ልጄ። ዘንድሮ በግንቦት 24 ነው የሚገባው። ስምሽ ሃይማኖት ነው አይደል?"

እናቴ ከጓዳ ሆና ሳቋን ስታፍን ሰማኋት። እኛ ቤት የሰኔን ጾም የሚጾም የለም፣ "የቄስ ጾም ነው" እንባባላለን። እነሱ ግን ይጾማሉ። ስምንቱም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም።

የሆቴሉ ቁርስ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት። ምሳ ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት። እንቁላል፣ ዶሮ፣ ዓሣ። ከሦስት ዓመት ዕቁብ ለማይበላ ምግብ ቀብድ አስከፈልኩ። በእጄ። በርካሽ አገኘሁ ብዬ እየጨፈርኩ።

ቀኑን በኛ አቆጣጠር ጽፌው ቢሆን ያኔውኑ ያዩት ነበር። ለምን በፈረንጅ ጻፍኩት? የቢሮ ወረቀት እንዲመስል...

ግንቦት 10

ለጋሽ ሰርፀ ነገርኳቸው። ልደብቅ አስቤ ነበር... አልቻልኩም።

"ቀኑ ይዛወር።"

"ጠይቄያለሁ። ጾሙ የሚፈታው በሐምሌ 5 ነው። በሐምሌ ደግሞ ዋጋው እጥፍ ይሆናል።"

"እንግዲያው ይሂዱና የሚበሉትን ይብሉ፣ የማይበሉትን ይተዉ! ሰው ባህር ለማየት አይደል የሚሄደው?"

"ተርበው ነው የሚያዩት?"

ቀሪው ክፍያ በግንቦት 20 ነው። አሥር ቀን። ካልከፈሉ ቀብዱ ይቀራል፣ ከፍለው ከሄዱም ተርበው ይመለሳሉ። አንዱንም አልቀበልም። ሦስተኛ መንገድ መኖር አለበት።

ግንቦት 11

እንጦጦ ወጣሁ፣ የእትዬ ፈትለወርቅ የነፍስ አባት ጋ። አባ ወልደ ኢየሱስ። ከፈረንሳይ ጠዋት ተነስቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳገት። ባሕር ዛፉ ውስጥ ጉም ነበር፣ ጫማዬ በሰበሰ።

"አባ፣ ለመንገደኛ ጾም ይፈቀዳል ሲባል ሰምቻለሁ።"

"ይፈቀዳል። መንገዱ የምን ነው?"

"ባህር... ለማየት።"

ፈገግ አሉ። "ልፈቅድላቸው እችላለሁ። ግን ፈትለወርቅን ታውቂያታለሽ? እኔ ብፈቅድላት እኔኑ ንስሐ ግቡ ትለኛለች።"

እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ ቁጭ ብዬ ከሳቸው ጋር ሳቅኩ። ስወርድ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እስካሁን ሴቶቹን ወደ ሆቴሉ ልጎትት ነበር የምደክመው። ለምን ሆቴሉ አይመጣም ወደነሱ?

ግንቦት 12

ነጅማ ጋ ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን፣ አሁን ጉርድ ሾላ የአባቷን የጫማ ሱቅ ትሠራለች። ታሪኩን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"አንቺ ጾም ትረሻለሽ፣ እኔ ላስታውስሽ? ደውዪልኝ እንጂ!"

"አትቀልጂ፣ ልባረር ነው።"

"ስሚ። እኛ በረመዳን ሆቴል ስንይዝ ምን እንላለን? ቁርሱ ይቅር፣ በሱ ፈንታ ሌሊት ሱሁር ይምጣልን። ያመጣሉ። የኔ አክስት ሞምባሳ ናት፣ ያ አገር ረመዳንን አሳምሮ ያውቃል። ልጁ ስሙ ማን አልሽኝ?"

"ጁማ።"

"ታዲያ ለጁማ ጾም ምን እንደሆነ ልታስረጂው ነው? የናንተው በስንት ሰዓት እንደሚፈታ ብቻ ንገሪው።"

እንዴት አላሰብኩትም? አራት ዓመት ቱሪዝም ተምሬ የጫማ ሱቅ ውስጥ ተማርኩ።

ግንቦት 13

ደወልኩ።

እንግዶቼ ጾመኞች ናቸው አልኩት። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። የመጀመሪያው ምግብ ከቀኑ ሦስት ሰዓት በፈረንጅ፣ ከዚያ በፊት ምንም።

"በፈረንጅ ሦስት ሰዓት" አለ፣ "እኛ ቤት ዘጠኝ ሰዓት ነው የምንለው።"

"ምን አልክ?"

"በስዋሂሊ። ቀኑን ከንጋት ነው የምንቆጥረው።"

ከወንበሬ ተነሳሁ። እኛም እኮ! እኛም ዘጠኝ ሰዓት ነው የምንለው አልኩት። ሁለታችንም ጮህን መሰለኝ፣ ጋሽ ሰርፀ ከውስጥ ብቅ ብለው አዩኝ።

ከዚያ በኋላ እንደ ዘመድ ተነጋገርን። እናቱን ስልኩ ላይ ጠራ፣ ኩሽናው የሳቸው ነው። ቦሎቄ በኮኮናት፣ ጎመን፣ ሩዝ፣ ቂጣ በዘይት ብቻ። በዘጠኝ ሰዓት ትልቁ ማዕድ፣ ማታ ቀለል ያለ። ቁርስ የለም፣ ዓሣና ዶሮ የለም... "እንግዲህ ዋጋውም ይቀንሳላ" አልኩ። ዝም አለ። ጠበቅኩ። ዝም ሲሉ መጠበቅ፣ መናገር የለም። ሩብ ቀነሰልኝ!

በጽሑፍ ላክልኝ አልኩት። ላከ። ያልተጻፈ ቃል ምግብ አይሆንም።

ግንቦት 18

ሴቶቹን ለብቻ ጠርቼ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ጥፋቴን፣ ቀጥሎ መፍትሔውን። እንዳያወዛግብ ዓሣውን አስቀርቻለሁ ስል...

"ለምን አስቀረሽው? ዓሣ በሰኔ ይበላል!" አሉ እትዬ አስካለ።

"ማን አለሽ?" አሉ ከጎናቸው ያሉት።

"ሐዋርያቱ ራሳቸው ዓሣ አጥማጅ አልነበሩም?"

"ነበሩ፣ መረቡን ጥለው ተከተሉት! አንቺ መረቡን ልትከተዪ ነው?"

ጠረጴዛው ላይ ጉድ ሆነ። እትዬ ፈትለወርቅ እጃቸውን ሲያነሱ ጸጥ አለ።

"ቀሪውን እንከፍላለን። ግን በነፃዋ አልጋ የሚሄደው ሰርፀ አይደለም። ይቺ ልጅ ናት። ያዘዘችውን ምግብ ቆማ ታስቀርብ። ከተራብን እሷን ነው የምንበላው።"

ማታ ፓስፖርቴን ፈለግኩ። ስመረቅ በጉጉት ያወጣሁት፣ አንድም ማኅተም የሌለበት። ጋሽ ሰርፀ ምን ይሉ ይሆን?

ግንቦት 19

"ሂጂ" አሉ። "እኔ ሙቀት አልወድም።"

ግንቦት 28፣ ዲያኒ

ትናንት ማታ ደረስን። ዛሬ ጠዋት ሁሉም ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ባህሩ ሲወርዱ... ባህሩ የለም! ርቆ ሄዷል፣ አሸዋና ድንጋይ ብቻ። እትዬ አስካለ ዞረው "ይሄንንም አስቀንሰሽው ነው?" አሉኝ። ውሃው በቀን ሁለቴ እንደሚሸሽና እንደሚመለስ መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ፣ ሰዓቱን መጠየቅ ግን ረሳሁ። ለሚቀጥለው፦ ማታውኑ ጁማን መጠየቅ።

በቀስታ ተመለሰ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲያልፍ እግራቸው ሥር ነበር። እትዬ ፈትለወርቅ ጫማቸውን አውልቀው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡ፣ ውሃውን በጣታቸው ነክተው አማተቡ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የጁማ እናት ራሳቸው ትሪውን ተሸክመው ወጡ። አንዷ ቀመሱና "ወተት አለው!" ብለው ሳህኑን ገፉ። ሴትዮዋ ቋንቋውን ባያውቁም ነገሩ ገባቸው፤ ኩሽና ገብተው ግማሽ ኮኮናትና መፈቅፈቂያ ይዘው መጡ፣ ፊታችን ፈቀፈቁት፣ ጨመቁት፣ ነጩ ውሃ ወረደ። "ከዛፍ ነው!" አሉ ሳህኑን የገፉት። ሳህኑ ተመለሰ። ሁለቴ አስጨመሩ።

እኔም ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም። ማንም አላስገደደኝም። ስምንት ሰው ሲጠብቅ ብቻዬን እንዴት ልብላ? እትዬ ፈትለወርቅ አዩኝ፣ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው አፌ ላይ አደረጉ።

ሰኔ 8

ከተመለስን አራት ቀን። ጋሽ ሰርፀ ኮንትራቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ የደመወዙን ቁጥር በእስክሪብቶ አስተካክዬ መለስኩላቸው። ተቆጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ፈረሙ።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። ከሲኤምሲ ሰፈር አንድ ሰው ነው፣ ስለ ዲያኒ ከሰው ሰምቶ። ስድስት ሆነው በክረምት መሄድ ይፈልጋሉ። "ዋጋው ስንት ነው?"

ጋሽ ሰርፀ ካልኩሌተሩን ወደኔ ገፉት። ድሮ ቢሆን ቁጥሩን አፌ ላይ ይዤ ነበር የምጠብቀው።

"ዋጋውን እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ግን፣ እነማን ናቸው የሚሄዱት? ምን ይበላሉ፣ ምን አይበሉም?"

ሰውየው የዘጋ መሰለኝ።

"እናቴ... ስኳር አለባት። መርፌዋ ፍሪጅ ይፈልጋል። እሷን ትተን ልንሄድ ነበር ያሰብነው።"

ካልኩሌተሩን ወደ ጎን አደረግኩ፣ እስክሪብቶ አነሳሁ።

"እንግዲያው ከእሳቸው እንጀምር። ስማቸው ማን ነው?"