ድምፅ ያልነበረው ከርነል

ይድረስ ለውድ አባቴ ለሸምሰዲን ከድር፣ ቡታጅራ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ አባዬ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገዎት? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን መድኃኒት ሳያቋርጡ ይወስዳሉ? እማዬስ ሳሏ ለቀቃት? የጥር ነፋስ እዚያ እንዴት እንደሚጨክን ስለማውቅ ሐሳቤ እናንተው ዘንድ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ፤ እህል ይበላልኛል፣ ሥራዬም ላይ ነኝ።

በኅዳር ስደውልልዎት «ድምፅሽ ደስ አላለኝም፤ ምን ሆነሻል?» ሲሉኝ «ጉንፋን ነው» ብዬ ዋሽቼዎታለሁ። አፉ ይበሉኝ። በስልክ መናገሩ ስላቃተኝ እውነቱን እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ እህቴ ሰብሪና ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

የምሠራበት የዓይነ ስውራን ማሠልጠኛ፣ ካዛንቺስ የነበረው ቤት ከፈረሰ ወዲህ፣ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሥር መግባቱን ነግሬዎት ነበር። አሥራ ስምንት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉን። የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ነፃ ሥርዓት ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለሠልጣኞቹ በድምፅ ያነቡላቸዋል።

የሊኑክስ ልቡ ከርነል ይባላል። ኪቦርዱንም፣ ስክሪኑንም፣ ድምፁንም ከፕሮግራሞቹ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። አዲሱ ከርነል ለአሮጌዎቹ ማሽኖች ከብዷቸው ንባቡ ይንተባተብ ስለነበር፣ ቀለል ያለውን ራሴ ልሥራ አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለፍቼ፣ የማያስፈልገውን ቀንሼ፣ በአንድ ትእዛዝ ሁሉም ላይ እንዲገባ በፓኬጅ አዘጋጀሁት። በራሴ ኮምፒውተር ላይ ስሞክረው ንባቡ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ኩራት ያዘኝ አባዬ። እሑድ ከሰዓት አሥራ ስምንቱም ላይ ጫንኩት። ዲስካቸው ጠባብ ስለሆነ የቀድሞውን ከርነል አጠፋሁ። አሮጌው ለክፉ ቀን ተቀምጦ መቆየት እንዳለበት ለሠልጣኞች የማስተምረው እኔው ነኝ። ሁሉም ሲነሡ በዓይኔ አየሁና በሩን ቆልፌ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ድርጅት ስልክ ተቀባይ ለመቅጠር ስምንት ሠልጣኞቻችንን ሊፈትን መጣ። ልጆቹ ማዳመጫቸውን አጥልቀው ማሽኖቹን ከፈቱ። ሁሉም ጭጭ። የእኔ ኮምፒውተር አዲስ ነው፤ የድምፅ ካርዱ ሌላ ነው። የአሮጌዎቹን ካርድ የሚያሠራውን ክፍል አያስፈልግም ብዬ ከከርነሉ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ።

ከሠልጣኞቹ አንዷ ፍሬሰላም ትባላለች፤ ከላንቻ በሁለት ታክሲ እየተመላለሰች ሁለት ዓመት አንድ ቀን ያልቀረች ልጅ ናት። ማዳመጫዋን አወለቀች፣ እፍ አለችበት፣ መልሳ አጠለቀች። «ሪሐና፣ የእኔ ብቻ ነው?» አለችኝ።

ኃላፊያችን ጋሽ አረጋዊ፣ እሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው፣ በትራቸውን ይዘው ገቡ። ፈታኙ «መብራት ሲቆራረጥ ተበላሽተው ይሆናል» አላቸው። እውነት እልዎታለሁ አባዬ፣ «አዎ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማንም አያውቅብኝም። ፍሬሰላም ግን ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ትጠብቃለች። «መብራቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። እነዚህ ላይ ሳልሞክር ጫንኩት፤ መመለሻውንም አጠፋሁት» አልኩ። ፈታኙ ሰዓቱን አይቶ ወጣ። ጋሽ አረጋዊ አልተቆጡኝም፤ «ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል?» ብቻ አሉኝ።

ማሽኖቹን በፍላሽ እያስነሣሁ የቀድሞውን ከርነል አንድ በአንድ መለስኩ። የመጨረሻው ሲናገር ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። ፈተናው በሳምንቱ ቢሰጥም፣ ድርጅቱ በመሐል ከሌላ ቦታ ሰው ቀጥሮ ኖሮ የቀረው ቦታ ሁለት ብቻ ነበር። ፍሬሰላም ሦስተኛ ወጣች።

ይቅርታ ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። «የመጣሽው ይቅር ብዬሻለሁ እንድልሽ ከሆነ፣ ገና ከሆዴ አልወጣም» አለችኝ። ቀጥላም «ንባቡ ግን እውነትሽን ነው፣ ይንተባተባል። ሥሪው፤ ከመጫንሽ በፊት ግን እኔ ልስማው» አለች።

ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ እኔ ከጁምዓ ስመለስ እሷ ከአሮጌዎቹ ማሽኖች አንዱ ፊት ተቀምጣ ታዳምጣለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሁለት ጊዜ «አይሆንም» አለችኝ፣ ሁለት ጊዜ እንደገና ሠራሁት። ባለፈው አርብ ብዙ አዳምጣ «ይሄን ጫኚው» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ለገሃር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ትፈተናለች። ዱዓ ሲያደርጉ ከእኔ በፊት የእሷን ስም ያንሡልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ። ወንድሜ ሙሐሲን ትከሻው ተሽሎት እንደሆነ ይጻፍልኝ። ሰብሪናዬ፣ ስላነበብሽልኝ ጉንጭሽን ሳምኩሽ። ጎረቤታችንን እትዬ ሸዋዬን ሪሐና ናፍቃዎታለች በሏቸው። አላህ በጤና ያቆይዎት አባዬ።

ልጅዎ ሪሐና
ሰንጋ ተራ፣ አዲስ አበባ
ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.