ሦስተኛውን ቁልፍ ለያዙት ኃላፊ

ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሙሉቀን
የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት (ስብሰባ ላይ ከሆኑም እዚያው)

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ከቀበቶዎ ተለይቶ ለማያውቀው ቁልፍ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ኮምፒውተሮቹም በተቆለፈባቸው ክፍል ውስጥ ሆነው፣ ተማሪ የሚባል ፍጡር ሳይደርስባቸው፣ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ በመስኮቱ አጮልቆ ያየ ሰው ነግሮናል።

ስሜ አገኘሁ ታረቀ ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። የሰውን ቁጣ ተቀብዬ «በትሕትና አመለክታለሁ» በሚል ቃል አለዝቤ ማውጣት እንጀራዬ ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን የራሴን ነው፤ ላለዝበው ብሞክርም እጄ እንደ ወትሮው አልታዘዘኝም፤ ስለዚህ ሻካራ ቃል ቢያገኙ ከጥድፊያ ነው ብለው ይለፉኝ። የሚያጣድፈኝም ልጄ የብርጓል ናት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብረ ማርቆስ ወርዳ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና በኮምፒውተር ትፈተናለች፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። በጅብራ በር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረዋት የሚፈተኑት ልጆችም እንደ እርሷ ናቸው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፈተናው በፊት ያንን ክፍል ይክፈቱላቸው።

ይህንኑ በማመልከቻ ደጋግሜ ጠይቄ «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ስላገኘሁ፣ እርስዎም ለግልጽነት ያለዎትን ፍቅር በየስብሰባው ሲናገሩ ስለሰማሁ፣ በግልጽ ብጽፍልዎ ደስ ይልዎታል ብዬ ይህን ደብዳቤ ለአደባባይ አበቃሁት። አቤቱታዬና ምስጋናዬ ተቀላቅለው እንደሚከተለው ቀርበዋል።

፩. ስለ ቁልፎቹ

ኮምፒውተሮቹ የመጡ ሰሞን አጠባበቃቸው እንዴት ይሁን ተብሎ ወላጆች ተሰብስበን ስንመክር፣ ቄሰ ገበዙ አባ ደመላሽ የቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት በሦስት ሰዎች እጅ ባሉ ሦስት ቁልፎች እንደሚከፈት፣ ይህም አንድ ሰው ብቻውን ገብቶ እንዳይሳሳት ከአባቶች የቆየ ሥርዓት መሆኑን በቅንነት ተናግረው ነበር። እርስዎ ያንን ሲሰሙ ፊትዎ በራ። ብዙም ሳይቆይ የኮምፒውተር ክፍሉ በር ሦስት ጓጉንቸር ተገጠመለት፤ አንዱን ቁልፍ ርእሰ መምህሩ፣ አንዱን የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ፣ ሦስተኛውን እርስዎ ያዛችሁ። የሁለቱ ቁልፎች ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥተው አያውቁም። የእርስዎ ግን ለልምድ ልውውጥ ደጀን፣ ለግምገማ ደብረ ማርቆስ፣ ቴክኖሎጂ ለትምህርት ጥራት ስላለው ጥቅም ለተሰጠው ስልጠናም ባሕር ዳር ድረስ አብሮዎት ሄዷል። ስለ ኮምፒውተር ከልጆቻችን ይልቅ ይህ ቁልፍ ብዙ ተምሯል፤ ከቤታችን አንድ እንኳ የተማረ በመገኘቱ እናመሰግናለን።

አባ ደመላሽ ግን ሰሞኑን መንገድ ላይ አግኝተውኝ ሲያዝኑ ነበር። ሰውዬው ከሥርዓቱ የወሰዱት ግማሹን ብቻ ነው አሉኝ። ዕቃ ቤቱ በሦስት ቁልፍ ተቆልፎ የሚያድረው ጠዋት ለቅዳሴ ሊከፈት ነው፤ ጽዋው ካልወጣ ማን ሊቆርብ ነው ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸውን እንዳለ ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

፪. ስለ ጉብኝቱ

ክፍሉ ጨርሶ አይከፈትም ብዬ ብጽፍ ስም ማጥፋት ይሆንብኛል። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል። የኮምፒውተሮቹ ሽፋን ይገለጣል፣ ወለሉ ይወለወላል፣ ንጹሕ ዩኒፎርም ያላቸው ልጆች ተመርጠው በየኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣሉ። ከዚያም ጣቶቻቸውን ከኪቦርዱ ከፍ አድርገው፣ ሳይነኩ፣ አየር ላይ እንደ ዘረጉ ፎቶ ይነሣሉ። «እንዳትነኩ፤ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ያበላሸ አባቱ ይከፍላል» የሚለውን ማሳሰቢያ እርስዎ ራስዎ፣ የበታች ሠራተኛ ሳያስቸግሩ፣ በየረድፉ እየዞሩ ይሰጣሉ። ፎቶው እጅግ አምሮ ወጥቷል፤ ጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ። ከፊት ረድፍ ላይ ጣቶቿን ዘርግታ ፈገግ ያለችው ታላቋ ልጄ እቴናት ናት።

፫. ስለ እቴናት

እቴናት የተፈተነችው ዐምና ነው። ከክፍሏ አንደኛ ወይም ሁለተኛ እንጂ ሦስተኛ ወጥታ አታውቅም። የሒሳብ ፈተና ዕለት ፈታኙ ስሟን አስገብቶ ከፈተላትና ወደ ሌሎቹ አለፈ። የመጀመሪያውን ጥያቄ በጭንቅላቷ ስትሠራ ቆይታ መልሱን አግኝታ ቀና ስትል ስክሪኑ ጠቁሮ አገኘችው። ማውሱን ትንሽ ነካ ቢያደርጉት ተመልሶ እንደሚበራ ዛሬ እኔም ሰምቻለሁ፤ እርስዎማ ሠልጥነውበታል። እርሷ ግን አበላሸሁት አለች። ያበላሸ አባቱ ይከፍላል ተብላለች፤ አባቷ ደግሞ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው መሆኑን ታውቃለች። ፈታኙን ብትጠራ ጥፋቷ ሊታወቅ ነው። ስለዚህ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የጠቆረውን ስክሪን እያየች፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ ዝም ብላ ተቀመጠች።

ይህን ለእናቷ የነገረቻት ውጤቱ ከመጣ በኋላ ነው። ለእኔ እስካሁን አልነገረችኝም። አሁን ደጀን ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ ታፈላለች። ሥራ አይናቅም፤ በላቧ በምታገኘውም እኮራለሁ። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ልጄ ሻይ የምታፈላው ሒሳብ አቅቷት አይደለም። በዚህ ቁጥር መጨረሻ ላይም እንደ ሌሎቹ ምስጋና ላስገባ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ አልመጣልኝም።

፬. ስለ ሳሙናው

የኮምፒውተር መምህሯ መምህርት ሳራ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ክፍሉ አልከፈት ሲላት ኪቦርዱን እንዳለ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ትሥላለች፤ ልጆቹም ያንን ካርቶን ላይ ገልብጠው በየቤታቸው ይለማመዳሉ። መብራት ሲጠፋ እንኳ የማይቋረጥ ትምህርት በመሆኑ ልንደሰትበት ይገባል። መምህርቷ ቁልፉ እንዲሰጣት በጽሑፍ ብትጠይቅዎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠትዎንም ሰምተናል፤ ጥያቄ በቀረበበት መንገድ መመለስ የሥራ ሥርዓት ነውና እናደንቃለን።

የብርጓል ከትምህርት ስትመለስ ካርቶኗን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አጠገቡ የልብስ ሳሙና ታስቀምጣለች። ማውሱ ሳሙናው ነው። ወዲያ ወዲህ ታንሸራትተዋለች፤ ሳሙናው ድምፅ ስለሌለው «ጠቅ» የምትለው በአፏ ነው። ባለፈው ሰሞን እያየኋት ሳለ ቀና ብላ፣ «አባ፣ እውነተኛው ሲነኩት ይሞቃል እንዴ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። የእኅቷን ታሪክ ታውቃለች፤ የምትጠይቀኝ ስለ ሙቀቱ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ልጅቷ ፈርታለች፤ እኔም ፈርቻለሁ። ሌላ የሚያስፈራት ትምህርት የለም፤ ፊዚክሱንም ኬሚስትሪውንም ጠጥታዋለች። የምትፈራው ያንን ዕቃ ብቻ ነው።

፭. «ቢበላሽስ ማን ይጠየቃል?» ስለሚሉት

ተገቢ ጥያቄ ነው። ፈርመው የተረከቡ ሰው ሊጨነቁ ይገባል። ኮምፒውተር ሲበላሽ ማን እንደሚጠየቅ የወጣው መመሪያ በእጅዎ ስላለ፣ የልጅ ዕድል ሲበላሽ ማን እንደሚጠየቅ የሚናገረውንም ፈልገው ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም። ስድስተኛና ሰባተኛም ነበረኝ፤ ጊዜዎን ላለመሻማት ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ወላጆች ተማክረን አንድ ነገር ወስነናል። እንዳይሰጉ፤ ጓጉንቸር አንሰብርም፤ ሰልፍም አንወጣም። በአገራችን ሥርዓት የበደለ ሰው ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በተበዳዩ ደጅ ይወድቃል፤ «ተነሡ፣ ይቅር ብያለሁ» እስኪባል ድረስም ከወደቀበት አይነሣም። ማን ማንን እንደ በደለ ለጊዜው እንተወውና በዳዮቹ እኛ እንሁን። ልጆቻችን ለትምህርት የመጣን ዕቃ እንዲነኩ በመመኘታችን አስቀይመንዎታል። ስለዚህ በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ ከየቀበሌው የሚመጣው ሕዝብ በጽሕፈት ቤትዎ ፊት በሚያልፍበት ሰዓት፣ አባቶችም እናቶችም ድንጋይ ተሸክመን በርዎ ላይ እንንበረከካለን። አባ ደመላሽ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ይመጣሉ። መምህርት ሳራ እንዳትመጣ ከልክለናታል፤ ማስጠንቀቂያው ይበቃታል።

ከእርስዎ የምንጠብቀው «ተነሡ» የሚል አንድ ቃልና ከቀበቶዎ የሚፈታ አንድ ቁልፍ ነው። የዚያን ዕለት ስብሰባ ከገጠመዎትም አይጨነቁ፤ ስንቅ ስለምንይዝ እስኪመለሱ ተንበርክከን እንቆያለን። ሽማግሌ የመለሰ ሰው በዚህ አገር ምን እየተባለ እንደሚኖር፣ ለልጁ ጋብቻ ሲጠይቅ ምን መልስ እንደሚያገኝ፣ ለአገር ልጅ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል።

ቀለሜን አባክኜ፣ ጊዜዎን ተሻምቼ፣ ትዕግሥትዎን ፈትኜ እዚህ ላይ አበቃሁ። የወንበርዎን ዕድሜ ልመርቅ አስቤ ነበር፤ ምርቃቱን ግን በሩ ሲከፈት በአፌ ባደርሰው ይሻላል።

የሦስተኛው ቁልፍ ደጅ ጠኚ፣
የሁለት ሴት ልጆች አባት፣
አገኘሁ ታረቀ
(ፊርማ አለው)

ግልባጭ፦
ለርእሰ መምህሩ
ለንብረት ክፍሉ ሠራተኛ
ለልጄ ለእቴናት፣ ደጀን (ነገርሽን አደባባይ ስላወጣሁ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ አባትሽ እንደሚያውቅ፣ እንዳልተቆጣብሽም እወቂ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ሁሉ ሰው የሚሸከመው ድንጋይ ከየት ይመጣል ብለው እንዳያስቡ። የኮምፒውተር ክፍሉ ሲሠራ ከወንዝ በትከሻችን ካመጣነው የተረፈው እዚያው ግድግዳው ሥር ተከምሯል። ክብደቱን እናውቀዋለን፤ ያን ጊዜ ግን ክፍሉ የልጆቻችን መስሎን ቀሎን ነበር።