ያለ ሠርግ የተለፈፈው ቅልቅል

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ያርጋል ሰጠኝ
የወጣቶች የሙዚቃ ቅልቅል ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የደባርቅ ብርድ ሳይደፍርዎ፣ ጉሮሮዎ ሳይዘጋ፣ ያ ከገበያው እስከ መናኸሪያው የሚሰማው ድምፅዎም ሳይጎረንን እንዲሰነብቱልን ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ከጠየቁ፣ ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ፣ እንቅልፍም ርቆኝ ነው የሰነበትኩት፤ ከዚህ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እርስዎ ለከተማው ካስተዋወቁኝ ወዲያ ራሴን መግለጽ ትርፍ ይመስላል። ቢሆንም ያን ዕለት ገበያ ላልወጣ አንባቢ ስል፣ ሰብሌ አለምነህ እባላለሁ፤ በሠርግና በምረቃ ድግስ ላይ ሙዚቃ የማጫውት ዲጄ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለሁሉም ግልጽ አድርጌ የምጽፈው ከድፍረት አይደለም። ቢሮዎ ደጋግሜ ብመላለስ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ የእኔን ጉዳይም በአደባባይ መነጋገር እንደሚቀልዎ ስላየሁ፣ የእርስዎን ፈለግ ልከተል ብዬ ነው። ቅሬታ የሚለው ቃል እንዳይከብድዎም ምስጋና ብዬ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩ኛ/ በቅድሚያ ስለ ትርጉሙ አመሰግናለሁ። ከጎንደር የመጣው ማስታወቂያ ከስምንት ደቂቃ ያልበለጠ የዲጄ ሚክስ አቅርቦ ያሸነፈ ወጣት እዚያው ጎንደር ስቱዲዮ ገብቶ አንድ ዓመት እንደሚሠለጥን ይገልጽ ነበር። እርስዎ ግን የባዕድ ቃል በከተማችን ግድግዳ ላይ አይለጠፍም ብለው «ሚክስ» የሚለውን ሰርዘው «ቅልቅል» አሉት። ለቋንቋችን ያለዎትን ፍቅር አደንቃለሁ። ቅልቅል ማለት በእኛ ዘንድ ሠርጉ አልፎ፣ መልሱ ተበልቶ፣ የሙሽራውና የሙሽሪት ዘመዶች እንዲተዋወቁ የሚደገስ ድግስ መሆኑን፣ ስንቱን ቅልቅል መርቀው የተመለሱት እርስዎ እንዴት እንደዘነጉት ግን እስካሁን ይገርመኛል።

፪ኛ/ ሥራዬን ሳይሰሙ ለመፍረድ ስላሳዩት ቅልጥፍና አመሰግናለሁ። ጊዜ አጥተው ከሆነ ምን እንደነበረ እኔው ላስረዳዎ። ሚክስ፣ ይቅርታ፣ ቅልቅል ማለት አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላውን ከሥሩ አስገብቶ፣ የሚጨፍረው ሰው እግሩ ሳይሰናከል ማሻገር ነው። እኔን ያስቸገረኝ ከኮምፒውተር ከበሮ ጋር ላዋህደው የፈለግሁት ማሲንቆ ነበር። ማሲንቆ እንደ ኮምፒውተር ከበሮ በአንድ ፍጥነት አይሄድም፤ ተጫዋቹ ደስ ሲለው ይሮጣል፣ ግጥም ሲያስብ ይዘገያል። ሁለቱን ላስማማ ስል እጄ ላይ እየፈረሰ ብዙ ተሰቃየሁ። በመጨረሻ ዳባት ወርጄ፣ ሞንታርቦና ሬዲዮ የሚጠግነውን ትዕዛዙን ሚክሰሩን፣ ያን የድምፅ ማዋሃጃ፣ እንዲያውሰኝ ለመንኩት። በእሱ ሱቅ ስንሠራ፣ እዚያው ዳባት የምታስተምረው እጮኛው ዝናሽ ከክፍል ስትወጣ እየመጣች ታጨበጭብልን ነበር። ማሲንቆውንና ከበሮውን ያስታረቀው የዝናሽ ጭብጨባ ነው።

ከሳንቃ በር መንገድ የበቅሎ ነጂዎችን ፉጨት፣ ከዳባት መናኸሪያ «ጎንደር፣ ጎንደር» የሚለውን የረዳት ጥሪ፣ ከጨነቅ ተራራ ደግሞ ነፋሱን ቀድቼ አስገባሁበት። የጨነቅ ነፋስ ለሙዚቃው ሆነ፤ ጨነቀኝ ማለቱ ለእኔ ቀረ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ዝናሽ «ትዕዛዙ፣ ዝም በል እንጂ፣ እየተቀዳ ነው» ብላ ስትስቅ ይሰማል። ልቆርጠው ነበር፤ ሳቋ ከምቱ ጋር ስለገጠመ ተውኩት። አንድ ሰው፣ ክቡር ሆይ፣ አንድ ሰው ብቻ እስከ አምስተኛው ደቂቃ ቢያዳምጠው ኖሮ ሱቁ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደነበረ ይገባው ነበር።

፫ኛ/ ስለ ልፈፋው ምስጋናዬ ከሁሉ ይበልጣል። ሥራዬን በፍላሽ ሳስረክብ ጸሐፊዎ ከማን ጋር እንደሠራሁት ጠየቀችኝ፤ የሰው ልፋት መካድ ነውር ስለሆነ ከትዕዛዙ ጋር አልኩ። የዝናሽንም ስም ጠርቼ ነበር፤ አጨብጫቢ አይመዘገብም ተባልኩ። ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ ሳለ እርስዎ መኪና ላይ በተጫነው ሞንታርቦ፣ በገዛ ድምፅዎ፣ «የሰብሌ አለምነህና የዳባቱ የትዕዛዙ ቅልቅል በሚገባ ተጠናቋል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉ። ሙዚቃ የምትለዋ ቃል ምን በድላዎት እንደዘለሏት አላውቅም። እኔ ሞኟ ስሜ በመጠራቱ ልቤ ቅቤ ጠጥቶ፣ ገበያው ዳር አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜ በስልኬ እየቀዳሁዎ ነበር።

ቤት ስደርስ ጎረቤታችን እትዬ ሸጊቱ ሳይጠሩ በመቅረታቸው ተቀይመው እናቴ ፊት ተቀምጠዋል። እናቴም «እትዬ ሸጊቱ፣ እኔም አልተጠራሁም» እያለች ታለቅስ ነበር። ከዚያ መኪናዎ ዳባትም ወርዶ ያንኑ ስለደገመው፣ የዝናሽ አባት የእጮኝነት ቀለበቱን ለትዕዛዙ ቤተሰብ መልሰው ላኩ። ዝናሽ እውነቱን ታውቃለች፤ ደጋግማም ተናግራለች። ግን ሞንታርቦ የላትም።

፬ኛ/ ኮሚቴዎ ሥራዬን «በሥነ ምግባር ጉድለት» ከውድድሩ ስላስወጣው አመሰግናለሁ። ማስረጃ ተብሎ የቀረበው የከተማው ወሬ ነው፤ ወሬውን ለከተማው የሰጠው ደግሞ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ እንዲህ ያለ የተሟላ አሠራር በሌላ ቦታ አላየሁም። ማስተካከያ ይነገርልኝ ብዬ ስማጸን የደረሰኝ ምላሽ፣ አንድ ጊዜ የተነገረን ማስተባበል የኮሚቴውን ተዓማኒነት ይጎዳል የሚል ነበር። ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው እንዳልል ከአክብሮቴ ጋር ይጋጭብኛል።

፭ኛ/ ይህኛውን እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም። የትዕዛዙ ቤተሰቦች፣ ልጃችን የሰው ልጅ ስም አስጠርቶ ዝም አይልም ብለው እሑድ ጠዋት አባቴ ቤት ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ለሽምግልናው መሪነት የመረጡት፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ያውቃል ያሉትን ሰው፣ እርስዎን ነው። እርስዎም እሺ ብለዋል። ሌላው ሰው በሽማግሌ ይጀምርና በቅልቅል ይጨርሳል፤ እርስዎ ከቅልቅሉ ጀምረው ወደ ሽማግሌው እየተመለሱ ነው።

እዚህ ላይ ምስጋናው ቢቀርስ። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ትዕዛዙ ወንድሜ ማለት ነው፤ እኔን አይፈልግም፣ እኔም አልፈልገውም፤ ግን ከአባቱ ፊት ቃል አይወጣውም። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ትናንት ማታ አጠገቤ ተቀምጦ «ልጄ፣ ያርጋልን የሚያህል ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ? አገር ሰምቷል» አለኝ። እሑድ እሺ ካለ እኔ የሰው ሚስት እሆናለሁ፣ ዝናሽ እጮኛዋን ታጣለች፤ ሰኞ ደግሞ የተወዳዳሪዎች ሥራ ያለ እኔ ወደ ጎንደር ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ማንም ለሠርጉ ዲጄ አድርጎ አይጠራኝም፤ አንዴ ያገባች ሴት ሞንታርቦ ተሸክማ በየድንኳኑ አትዞርም ይሉኛል።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። መኪናው አለ፣ ሞንታርቦውም አለ። ከእሑድ በፊት ገበያው መሃል ይቁሙና «ቅልቅሉ የዘፈን ነው» ይበሉልኝ። ከዚህ በላይ አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልፈልግም፣ ስሜንም ባይጠሩት ይሻለኛል።

ይህ ካልሆነም እሑድ ቤታችን ክፍት ነው። አባቴን ለምኜ አንድ ነገር አስፈቅጄዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ከመናገራቸው በፊት ስምንት ደቂቃ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። ስለዚህ ሥራዬን በውድድሩ ባይሰሙት በሽምግልናው ይሰሙታል ማለት ነው። ከፊት ያለው ወንበር የእርስዎ ነው።

ጤናዎን፣ ዕድሜዎንና የተናገሩትን መልሶ የመስማት ትዕግሥት አብዝቶ እንዲሰጥዎ እየጸለይኩ፣

ዘፈን አስረክባ ባል የተሰጣት፣
ከአክብሮት በቀር ምንም ያልቀራት
ሰብሌ አለምነህ

ከፊርማዬ በታች፦ ለእሑድ ባዘጋጀሁት ቅጂ መጨረሻ ላይ፣ ያን ቅዳሜ በስልኬ የቀዳሁትን ድምፅዎን ላስገባ ብዙ ደከምኩ። ሰው በሚተነፍስበት ቦታ ስለማይተነፍሱ ከየትኛውም ምት ጋር አልገጥም አለኝ፤ ማሲንቆውን ያስታረቀው የዝናሽ ጭብጨባ እንኳ አልቻለዎትም። ስለዚህ እንዳለ ተውኩት። ሲሰሙት እንዳይደነግጡ ከወዲሁ ልንገርዎ፤ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ዝናሽ ትስቃለች፣ መጨረሻው ላይ እርስዎ ይናገራሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሙዚቃ የለም።