የዘጠኝ መቶ ጎብኚ ወሬ

ጥቅምት 4
የወሩን ሪፖርት ለአጎቴ ሰጠሁት። ወደ ድረ ገጻችን ዘጠኝ መቶ ጎብኚ! ደረቱን ነፋ። "አየሽ? የአዳዲሶቹ ስፌት መኪናዎች ፎቶ ነው የሳባቸው።" የጥገናውን ገጽ የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። "ገጹንም ክፍሉንም እንዝጋው" አለ። አርብ ለእህቶቹ ያቀርባል፤ ሱቁ የሦስቱም ነው። የጥገና ክፍሉ ዶክተር ምን ሊሆኑ ነው? ስንት ዓመት ስፌት መኪና ሲጠግኑ ኖረው... ዶክተር ያልናቸውም እኮ እኛው ነን።

ጥቅምት 5
ቁጥሩን በሰዓት ከፋፍዬ አየሁት። እሁድ ጭር። ምሳ ሰዓት ጭር። ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ግር! ደንበኛ ሁሉ ከእኛ እኩል ገብቶ ከእኛ እኩል ነው ምሳ የሚወጣው?
እኛው ነን! የቢሮው አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት ሲከፈት መጀመሪያ የእኛ ገጽ እንዲመጣ አምና ያደረገው ማን ሆነና? እኔ። አጎቴን ደስ እንዲለው ብዬ። የራሳችንን ሰዎች ከቆጠራው ማውጣት ደግሞ ረሳሁ። ጉዴ ፈላ።

ጥቅምት 6
እኛን አወጣሁ። የቀረው መቶ አርባ። ዘጠናዎቹ በቀጥታ የጥገናው ገጽ ገብተው፣ ቆየት ብለው አንብበው፣ ስልክ ቁጥሩን የነኩ ናቸው። ለአጎቴ ነገርኩት።
"ቁጥሩን ገደልሽብኝ!"
"መቼ ነበረና፣ ጋሼ?"
"እስከ አርብ እንደነበረ መልሺው። አለዚያ ጠረጴዛሽን ልቀቂ።"
ጠረጴዛዬን ዞር ብዬ አየሁት። ግን አልመልስም! ሳላውቅ ያጠፋሁትን አውቄ አልደግመውም።

ጥቅምት 7
ዶክተር ሰምተዋል። "ልጄ፣ በእኔ የተነሳ ከአጎትሽ ጋር አትቀያየሚ።" ለእሳቸው ብቻ መስሏቸው... ለራሴም ነው። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ በምን ዓይኔ ነው ሪፖርት የምጽፈው?

ጥቅምት 8
ስብሰባ። አጎቴ "ዘጠኝ መቶ" ከማለቱ ተነሳሁ። "ሰባት መቶ ስልሳው እኛ ነን። ስህተቱ የእኔ ነው።"
ታናሿ አክስቴ ሳቋ አመለጣት። "ለራሳችን ስናስተዋውቅ ከረምን በሉኛ!" ታላቋ አልሳቀችም። ያረምኩትን ሪፖርት ሁለቴ አነበበችው። "ከመቶ አርባው ዘጠናው ለጥገና ነው የመጣው። ጥገናው ይቆያል። ማስታወቂያውም ስለ ጥገናው ይሁን።"
አጎቴ ሳያየኝ ወጣ። እኔ ግን ደስ አለኝ።

ጥቅምት 11
አጎቴ ጠረጴዛዬን ከላይ ከቢሮው አስወርዶ ጥገና ክፍል አስጣለው፤ ከተፈታቱ መኪናዎች መሀል። የማፍር መስሎት! ዶክተር መስኮቱን ወለወሉልኝ።

ኅዳር 9
ወር ሙሉ ሰላም ያላለኝ አጎቴ ዛሬ በሩ ላይ ቆመ።
"የወሩ ስንት ሆነ?"
"ሁለት መቶ አሥር።"
"ስንቱ እኛ ነን?"
"አንድም።"
ወረፋ የሚጠብቁትን መኪናዎች አየ፤ መደርደሪያው ሞልቶ መሬት ወርደዋል። ጉሮሮውን ጠረገ።
"በይ... ጠረጴዛሽን ወደ ላይ መልሺ።"
"እዚሁ ይመቸኛል፣ ጋሼ" አልኩት። እውነቴን ነው።