ስለ ነጫጭ ድንጋዮቹ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሐይቅ ዳርቻ መልሶ ማልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ከነቤተሰብዎ ሰላም እንዲሆኑ፣ በተለይም ሳንባዎና ኩላሊትዎ ደህና እንዲውሉ ከልቤ እመኛለሁ፤ እኛ የሐይቁ ዳር ሰዎች ጤና ስንመኝ የሰውነት ክፍሉን ለይተን መጥራት ለምዶብናል።

እኔ በተዘጋው ቆዳ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ቆዳ በደረጃ ስለይ የኖርኩ፣ ዛሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ትሁት ሠራተኛዎ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ለሟቹ ባለቤቴ «ለሐይቁ ዳርቻ ውበት ላበረከቱት አስተዋጽኦ» የተዘጋጀላቸውን የምስክር ወረቀት ከነፍሬሙ በሁለት እጁ አስረክቦኛል። ባለቤቴ በሕይወቱ ከመንጃ ፈቃድ በቀር በስሙ የተጻፈ የረባ ወረቀት ስላልነበረው ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ፤ ጣሪያው በማያፈስበት በኩል ሰቅዬዋለሁ። ካመሰገንኩ ዘንድ ግን፣ ከሥራ ብዛት የተነሳ ሳያመልጥዎ ያልቀረውን ነገር በቁጥር እንዳስቀምጥ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ በአዲሱ የመናፈሻ መንገድ ግራና ቀኝ ያስደረደሯቸው አርባ አንድ ነጫጭ ድንጋዮች ጌጥ አልነበሩም። ባለቤቴ የፋብሪካው ሎደር ነጂ ነበር። ፋብሪካው ሊዘጋ ሰሞን፣ ሠራተኛው ባረፈበት አንድ እሑድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኬሚካል የተረፈባቸውን በርሜሎች ሐይቁ ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ እንዲቀብር ታዘዘ፤ ቀበረም። ይህን አልደብቅዎትም። እምቢ ቢል በማግስቱ ከበር እንደሚመለስ ያውቅ ነበር፤ ቤት ውስጥ ደግሞ እኔና ሦስት ልጆች አፋችንን ከፍተን እንጠብቀዋለን። ከዚያ በኋላም ለመናገር ፈራ። ድፍረቱ የደረሰው ከሐይቁ ዳር ድንጋይ ለቅሞ ጉድጓዱን ዙሪያውን እስከ መክበብና ኖራ እስከ መቀባት ብቻ ነው። «ነጭ ድንጋይ ክብ ሠርቶ ያየ ሰው፣ ይኼ ለምንድን ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም» ይለኝ ነበር።

በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ኖራውን በጣሳ በጥብጦ ይወጣል፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ። የሰፈሩ ሰው ባለኖራው የሚል ስም አወጣለት፤ ነካ ያደርገዋል ያሉም አልጠፉም። እኔ ራሴ አንድ ቀን፣ ለድንጋይ የምትጨነቀውን ያህል ለጣሪያችን ብትጨነቅ ምን ነበረበት ብዬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሳሉ ሲያጣድፈው ጣሳውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ምስክር ወረቀቱ ላይ የኔም ስም ቢገባ ባልከፋ ነበር።

ሁለተኛ፤ ሠራተኞችዎ ድንጋዮቹን በጋሪ ሲያግዙ አንድም ሰው ለምን እንደተቀመጡ አልጠየቀም። ያን ሰሞን ባለቤቴን ሐኪም ቤት ማስታመም ላይ ነበርኩ። ቅያሪ ልብስ ልወስድለት ወደ ሰፈር ስመለስ መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ተደልድሎ፣ ክቡ ከነምልክቱ ጠፍቶ አገኘሁት። ወደ ሐኪም ቤት ስመለስ ባለቤቴ የጠየቀኝ ስለ ልጆቹም ስለ ራሱም አልነበረም፤ ድንጋዮቹ ዘንድሮ ሳይቀቡ ቀሩ አይደል አለኝ። ቀብቻቸዋለሁ፣ ከሩቅ ያበራሉ ብዬ ዋሸሁት። ፈገግ አለ። በሦስተኛው ቀን አረፈ። ክቡር ሆይ፣ አርባ ዓመት አብሬው ስኖር የዋሸሁት ትልቁ ውሸት ይህ ነው፤ ለዚህም ጽሕፈት ቤትዎን አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ሐዘኔን ሳልጨርስ ሦስት ጊዜ ደጅዎ ድረስ መጥቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን መዝገብ አገላብጠው፣ ያልተመዘገበ ጉድጓድ የለም ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን አፈሩ ስድስት ቦታ ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑ ተነገረኝ፤ ስድስቱም ቦታ መኪና የሚቆምበት የመንገዱ ዳር መሆኑን የሰማሁት ግን መርማሪዎቹን ካመላለሰው ሾፌር ነው። በሦስተኛው ቀን ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለና ከጥበቃው በቀር የሚያናግረኝ አጣሁ፤ እሱ ደግሞ «እናቴ፣ ፀሐይ ላይ አይቁሙ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። በመሥሪያ ቤትዎ ለጤናዬ የተጨነቀልኝ እሱ ብቻ ስለሆነ የምስክር ወረቀት ቢሰጠው ደስ ይለኛል። ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው፣ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ ይባላል፤ እኔ አሁን እያሳየሁ ያለሁት ሞኝ ነኝ።

መናፈሻውን የምጠላ እንዳይመስልዎ። እኔና ባለቤቴ በሠራንበት ዘመን ሁሉ ሐይቁን ያየነው አፍንጫችንን ይዘን ነው። አንድ ቀን ይጸዳና አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን እንል ነበር። ወንበሮቹን አየኋቸው፤ ያምራሉ፤ ለሁለት ሰው ይበቃሉ።

አራተኛ፤ ይኼኛው ቅሬታ አይደለም፣ ልመና ነው። ከሐይቁ ዳር ካለው ትልቅ ዛፍ ተነስቼ፣ ባለቤቴ እስከ ጉድጓዱ ካስጠናኝ ሠላሳ ሰባት እርምጃ ወደ ውሃው ሠላሳ ሁለቱን ብቆጥር አዲሱ የልጆች መጫወቻ አጥር ላይ ደርሼ ቆምኩ፤ የቀሩት አምስት እርምጃዎች ያረፉት አሸዋው መሐል፣ ሸርተቴው ሥር ነው። የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ በመጪው ቅዳሜ በመናፈሻው ምረቃ ላይ እንድትዘምር ተመርጣለች። እሷ ደግሞ አሸዋ ካየች ሳትቀምስ አትመለስም። የራሴን ልጅ ቤት ላስቀራት እችላለሁ፤ የሰውን ልጅ ሁሉ በምን አቅሜ ላስቀር? አፈር ስሆን፣ አንድ ቀን ብቻ ምረቃውን አዘግይተው ያስቆፍሩት።

እጅ ነስቼ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለልጆቻችን ደግሞ ቢያንስ እኩሌታውን እየተመኘሁ፣

የባለኖራው ሚስት

ማሳሰቢያ፤ በጥሪ ወረቀቱ ላይ ክቡርነትዎ በምረቃው ዕለት በገዛ እጅዎ ችግኝ እንደሚተክሉ አንብቤ ደስ ብሎኛል። እባክዎ ጉድጓዱን ሌላ ሰው አስቀድሞ እንዳይቆፍርልዎ። ችግኙንም ሸርተቴው ሥር ይትከሉት፤ ልጆቹ መዝሙራቸውን ሳይጀምሩ፣ ሁለት ክንድ ይቆፍሩ። ምንም ካላገኙ ሕዝብ ፊት እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በዕድሜዬ እንዲህ መሳሳት አምሮኝ አያውቅም። ዶማዎ ብረት ከነካ ግን አይደንግጡ፤ ኖራዬን በጣሳ በጥብጬ ከኋላዎ እቆማለሁ።