አንድ ነገር ብቻ የቀራት መኪና

ይድረስ ሩቅ ሆኖ ለሚቆጣን፣ ቅርብ ቢሆን ግን አብሮን ለሚስቀው ወንድምጋሼ፤

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጉልበትህስ፣ ደረጃ ስትወጣ መንቋቋቱን ተወልህ? ያ አስቸጋሪ ጥርስህ ተነቀለ ወይስ ዛሬም እንደ ባለርስት ተደላድሎ ተቀምጧል? ባለፈው የላክኸውን ፎቶ ሳየው አንገትህ ሸሚዝህ ውስጥ ቀጥኖብኛል። ባለቤቴ ግን ሸሚዙ ነው የሰፋው ይላል፤ የማንኛችን እውነት እንደሆነ ጻፍልኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ አንተ ባትጠይቅም እኔ ልንገርህ።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አንተ ግን ገና ስታነሳ «መኪናዋ ተሸጠች?» ትላለህ፤ አልተሸጠችም ስልህ ደግሞ «እህ» ብለህ ስለ ብርዱ ታወራለህ። ወረቀት ላይ ማቋረጥ የለም፤ ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብብ። መሃል ላይ ከከበደህ ውሃ ጠጥተህ ቀጥል።

አባዬ ነፍሱን ይማርና ካረፈ ወዲህ ከእማዬ ጋር የምታወራው በእኔ በኩል ነው። «ሰላም በያት» ትላለህ፣ እሷም «ሰላም በይው» ትላለች፤ ሰላማችሁ እኔ ዘንድ ሲደርስ እንደቆየ ሻይ ይቀዘቅዛል። ምክንያቱንም አውቃለሁ። ከቀብሩ ማግስት ሳሎን ቆመህ «አንድ ምኞት ነበረው፣ እሱንም አንቺ ከለከልሽው» ስትላት እዚያው ነበርኩ። እማዬ ሳህኖቹን ሰብስባ ማድ ቤት ገባች። እኔም ያን ጊዜ እውነትህን መስሎኝ ነበር።

መቼም መኪናዋን አትረሳትም። ቤት የምታክል፣ ስትቆም የጎረቤት ፀሐይ የምትጋርድ፣ ግን ከግቢያችን እስከ ገበያ ካለው መንገድ ሌላ የማታውቅ መኪና። ተራራው በረንዳ ላይ ቁጭ ሲሉ ፊት ለፊት ነው፤ አባዬም በየዓመቱ «ዘንድሮስ ይወጣል!» ይላል። ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቀራታል። መጀመሪያ ጎማ ነበር፤ ተራራ በከተማ ጎማ አይወጣም ተባለና ጥርሱ ያገጠጠ ትልልቅ ጎማ ገባላት። ጎማው ከአካሏ ጋር ተፋተገ፤ ስለዚህ ሞላዋ ተቀይሮ ከፍ አለች። ከፍ ስትል ደግሞ የመጠለያው ቆርቆሮ አላስወጣ አላትና ቆርቆሮው ተቆረጠ። ቀጥሎ ጣሪያዋ ላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ፣ ፖርቶመጋላው ላይ የሚዘረጋ ድንኳን፣ ለድንኳኑ መሰላል፣ ፊቷ ላይ ካቦ የሚሉትን የብረት ገመድ የሚጠቀልል መጎተቻ፣ ከጭቃ ማውጫ አካፋ። ወንዝ ስትገባ ሞተሯ እንዳይታፈን ብሎ እስከ ጣሪያዋ የሚደርስ የአየር ቱቦ ያስገጠመላት ጊዜ ጎረቤቱ ባሕር ሊሻገር ነው እያለ ሳቀበት። እሱ እቴ፣ ቅርም አላለው። የጣሪያዋን መብራቶች የሞከረ ምሽት የጎረቤት አውራ ዶሮ ነጋ ብሎ ጮኸ።

መካኒኩን «ነገ»ን ታስታውሰዋለህ? ማንም ሥራ ሲሰጠው «ነገ ትደርሳለች» ስለሚል ስሙ ነገ ሆኖ ቀረ። እሑድ እሑድ ከአባዬ ጋር መኪናዋን ይዞሯታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ «አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል» ይባባላሉ። ነገ ልጆቹን ያስተማረው ከአባዬ መኪና ባገኘው ገንዘብ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። እማዬ በበኩሏ ዕቃዎቹን ሥራ አላስፈታቻቸውም። አካፋው የአበባ መደቧን ኮተኮተ፣ በካቦው ላይ ልብስ ተሰጣ። እንግዳ የበዛ ጊዜ አጎታችን ድንኳኑ ውስጥ ተኝቶ፣ መሰላሉን ሰው አንስቶበት እስከ ረፋድ «አውርዱኝ» ሲል ቆየ።

እንግዲህ አንተ ያገኘኸው ገዢ መጣ። ኪሱ የበዛ ሱሪ ለብሷል፤ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥ እንኳ አላወለቀውም። መኪናዋን ሲያያት ምራቁን ዋጠና ተራራው ላይ ልሞክራት አለ። እማዬ ከማድ ቤት ወጥታ፣ ትሸጥ፣ ግን መጀመሪያ እኔ አውጥቼ አወርዳታለሁ አለች። ገዢው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሻሿን ፈትታ ጠበቅ አድርጋ ስታስር አይቻለሁና። እማዬ ሻሿን ካጠበቀች ምን እንደሚከተል አንተም ታውቃለህ።

መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በቅርቡ መሆኑን ነግሬሃለሁ። አስተማሪዋ በጥቂት ቀን ውስጥ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ፣ እኚህ ሴትዮ ወይ ዋሽተውኛል ወይ በሕልማቸው ሲነዱ ኖረዋል ብሎኝ ነበር። እኔ ሲያቆላምጣት መስሎኝ አለፍኩት። የሚያስቸግራት ቁመቷ ብቻ ነው። ወደ መሪው የምትወጣው በበርጩማ ነው፤ በርጩማዋ ገመድ አላት፤ ከወጣች በኋላ በገመዱ ስባ አጠገቧ ታስቀምጣታለች። እኔም ከስፌት ቤቴ በተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ የጠቀጠቅሁትን ትራስ ሰፍቼላታለሁ፤ ያለ እሱ መንገዱን የምታየው በመሪው ቀዳዳ ነው። ጠዋት ልንነሳ ስንል መካኒኩ ነገ ሊሸኘን መጣ። መኪናዋን ዞራት፣ ዞራት፣ «አንድ ነገር ብቻ…» ሲል እማዬ ሞተሩን አስነሳችበት።

አስፋልቱ ሲያልቅ እማዬ መኪናዋን አቆመች። በርጩማዋን ጥላ ወረደች፣ ከሻሿ ሥር የፀጉር መርፌዋን መዘዘችና የጎማዎቹን ነፋስ ታስተነፍስ ጀመር። ገዢው ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ በጤናቸው ናቸው ወይ አለኝ። ሰማችው። ጎማ ሆዱ ሲላላ ድንጋዩን እንደሚያቅፍ፣ ሲወጠር ግን እንደሚዘል ረጋ ብላ አስረዳችውና፣ «ሰውም እንዲሁ ነው፤ የተወጠረ ይንሸራተታል» አለችው፣ የተነፋ ደረቱን እያየች። ከዚያ አራቱም ጎማ እንዲጎትት አድርጋ ከባዱን ማርሽ አስገባች፤ መኪናዋም እያጉረመረመች፣ ግን ሳትቆም፣ ዳገቱን ተያያዘችው። ያን ሁሉ ዓመት የተገዛው ዕቃ ከኋላችን ይንኳኳል። የገዢው ጭንቅላት ከጣሪያው ጋር ይተዋወቃል። እማዬ ግን መሪውን ላላ አድርጋ ይዛ፣ ድንጋይ ባየች ቁጥር «ቀስ የኔ እመቤት፣ ቀስ» ትላታለች።

ጫፉ ሊደርስ ሲል ጭቃ ያዘን። ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከራሉ፣ ጭቃው መስኮት ድረስ ይረጫል። ገዢው ወርዶ መንገድ ሊመራ ሞከረ፤ በቀኝ እጁ ነይ ይላል፣ በግራው ቁሚ። እማዬ ለሁለቱም እጆቹ መልስ ሳትሰጥ ወረደች። መንገዱ ዳር ወዳለ ዛፍ ሄዳ፣ እንዳይላጥ ብርድ ልብስ ጠቀለለችበት፣ ካቦውን አዙራ አሰረችበት፣ ቢበጠስ ይቆርጥሻል ብላ እኔን ወደ ዳር ገፋችኝና መጎተቻውን አስነሳች። መኪናዋ ራሷን በራሷ ጎትታ ወጣች። የት ተማርሽው ብላት፣ አባትሽ መመሪያውን ስንት ዓመት ጮክ ብሎ ሲያነበው እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ እሰማ አልነበር ወይ አለችኝ።

ደግሞም ደረስን፣ ወንድምጋሼ። ተራራው ጫፍ ላይ ነፋሱ ልብስ ይገፍፋል። እማዬ ሞተሩን አጥፍታ የእኛን ሰፈር ፈለገች፤ የተቆረጠውን ቆርቆሯችንን አሳየችኝ፣ እኔ ግን የሌላ ሰው ቤት ይመስለኛል። «ይኸው ነው?» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ለራሷ ያህል «ደስ ይላል» አለች። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በላን። ገዢው አልራበኝም ብሎ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ፣ የመኪናዋን የፊት ብረት ፓራውልት እንደ ዘመድ አቅፎ ተቀመጠ።

ዳገት የወጣ ሰው ችግሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ስትወጣ የሚታይህ ሰማይ ነው፣ ገደሉ የሚታይህ ስትወርድ ነው። ገና ከመነሻው ገዢው መነጽሩን አወለቀ። ትንሽ ሄድ እንዳልን የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ጨበጠ። አንዷ ጠባብ የመንገድ እጥፋት ላይ ስንደርስ፣ ከታች ሆኜ ፎቶ ላንሳችሁ፣ ከዚያ ጥሩ ይወጣል አለና ወረደ። ስልኩን ግን ከኪሱ አላወጣም፤ ተመልሶም አልተሳፈረም። ከፊታችን በእግሩ ቁልቁል ተያያዘው፣ እኛም ከኋላው በከባዱ ማርሽ እያዘገምን። እማዬ ጀርባውን እያየች መሳቅ ጀመረች። ሳቋ እንባ ሆነ፤ በመጨረሻ ፍሬን ይዛ ቆመች።

«አባትሽም እዚችው ላይ ነው የወረደው» አለችኝ።

እንግዲህ ውሃህን አሁን ጠጣ።

አባዬና እማዬ ተራራውን የሞከሩበትን ያን ቀን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። እኔ ገና በጀርባ የምታዘል ነበርኩ። አንተ ግን በሚቀጥለው አንተን አወጣሃለሁ ተብለህ፣ በር ላይ ተቀምጠህ ሲመለሱ ስትጠብቅ ዋልክ። መኪናዋ ያን ጊዜ ራቁቷን ነበረች፣ ድንኳን የለ፣ ካቦ የለ። ሁለቱ ብቻቸውን እዚያች እጥፋት ድረስ ወጡ። እዚያ አባዬ ወደ ታች አየ። በቃ፣ እጁ መሪው ላይ ደረቀ። እማዬ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከመሪው ፈልቅቃ አወረደችው። ቀደም ብሎ ኳስ ሜዳ ላይ ትንሽ ትንሽ ያለማምዳት ነበርና መሪው ላይ እሷ ተቀመጠች። «ከሁለተኛ ማርሽ በላይ አላውቅም ነበር» አለችኝ፤ «ለመውረጃው ደግሞ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።» እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ መኪናዋን እንዴት አዞርሻት ስላት፣ እየተንቀጠቀጥኩ አለች።

አባዬ ግን ጥሏት አልሄደም። ተመልሶ መግባት ቢያቅተውም ከፊት ከፊቷ እየሄደ፣ መንገዱ ላይ ያለውን ድንጋይ በእጁ እያነሳ፣ ጎማዋ እንዳይንሸራተት እየጠረገላት እስከ ታች ድረስ ወረደ። ቤት ሲገቡ መዳፉ ተልጦ ነበር። የእኛ ገዢ አንዲት ጠጠር አላነሳልንም።

ደጅ ሲደርሱ አንተ ሮጠህ «ጫፉ ደረሳችሁ?» አልክ። እማዬ የአባዬን ፊት አየች። እሱ አፉን ሳይከፍት «እኔ ፈርቼ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ፈሪዋ እሷ ሆነች። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር አጎታችን ወንበር ላይ ስትወጣ አይዞሽ እያለ ያሳቅቃታል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። አባዬ ደግሞ ዕቃ መግዛት ጀመረ። አንድ ነገር ሁልጊዜ ይቀራት የነበረው ለዚህ ነው፤ ሁሉም የተሟላላት ዕለት መውጣት ሊመጣ ነዋ።

ልጅሽ ሳሎን ቆሞ እንዲያ ሲልሽስ ለምን ዝም አልሽ ብዬ ተቆጣኋት። መንገዱን እያየች፣ «አባቱን ገና መቅበሩ ነበር» አለች፤ «በማግስቱ ደግሜ ላስቀብረው?» ከዚያ ማርሿን አስገብታ ቁልቁለቱን ቀጠለች። እኔ እንባዬን በእጄ እየጠረግኩ ስወርድ፣ ገዢው ዞር ብሎ አይቶኝ እኔም እንደሱ የፈራሁ መስሎት አጽናናኝ።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ገዢው ተሳፈረ። እማዬ የአባዬን የጎማ መንፊያ ከነካርቶኑ አውጥታ ነፋስ ስትሞላ፣ እሱ ጫማውን አውልቆ እግሩን ያያል። መኪናዋ ግሩም ናት፣ ለከተማ ግን ትከብዳለች፣ አስብበታለሁ አለ። እስካሁን እያሰበ ነው። ቢያስብም ባያስብም እኔ አልሸጥኳትም፣ አልሸጣትምም። መሸጥ ካለባት መጥተህ ራስህ ሽጣት።

ይህን የጻፍኩልህ አባዬ እንዲያንስብህ አይደለም። ድሮ ተራራውን አሻቅቦ ሲያይ ነበር የሚታየኝ፤ አሁን ግን ድንጋይ ሲለቅምላት ነው የሚታየኝ፣ ከበፊቱም ይልቅ ወድጄዋለሁ። እማዬን ግን ደውልላት፣ ወንድምጋሼ። በእኔ ስልክ ሳይሆን በራሷ። የምትለው ከጠፋህ ስለ ጎማ ጠይቃት፤ ከዚያ ወዲያ አንተ እንድትናገር ፋታ አትሰጥህም።

ባለቤቴ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል፤ በተራራው ቀን ልጆች እጠብቃለሁ ብሎ በጀግንነት ቤት ቀርቷል። ልጆቼ ጉንጭህን ስመውታል፤ ትንሿ በበርጩማዋ ገመድ ድመቷን ወደ መኪናዋ ስትስብ ተይዛ ተቆንጥጣለች። አጎታችን ሰላም ይልሃል፤ ነገሩን ገና አልነገርኩትም፣ ስነግረው የሚሆነውን ፊት ለማየት ቀን እየመረጥኩ ነው። ነገም ሰላም ብሎሃል፤ እሱ ራሱ ሊጽፍልህ ነበር፣ መቼ እንደሚጽፍ ገምት።

እማዬ ይህን ስጽፍ ከኋላዬ መጥታ በትከሻዬ ላይ አነበበችው። የነገርኩሽን ሁሉ ትዘረግፊያለሽ ብላ ወረቀቱን ልትነጥቀኝ ነበር። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ኋላ ላይ ይህን ጨምሪበት ብላኝ እንደ አፏ ጻፍኩት፦ «ስትመጣ ተራራው ላይ አወጣሃለሁ፤ ቃል ተገብቶልህ ነበርና። መንገድ ላይ ብትፈራም ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ቤት ስንገባ የፈራሁት እኔ ነኝ እላለሁ።»

ናፋቂህ ታናሽ እህትህ

ከእማዬ ቤት፣ በመኪናዋ መጠለያ በኩል ካለችው ክፍል
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር አጋማሽ