ገመዱን የቆረጡት መምህር ዋኘው ውዱ (1957–2017 ዓ.ም)

መምህር ዋኘው ከአባታቸው ከአቶ ውዱ ፀጋው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማናለብሽ አየነው በግንቦት ወር 1957 ዓ.ም ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ተወለዱ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እኅታቸው ልክየለሽ ናት። «ለቀብር አይሆንም፣ ይውጣ» የተባለውን ክፍል ያላወጣችውም እሷው ናት።

አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ሲሆን አማርኛን ትምህርት ቤት ገብተው ለመዱ። ሁለተኛ ደረጃን ዳንግላ ቤት ተከራይተው ጨረሱ፤ ባሕር ዳር በኬሚስትሪ ተመርቀው በ1979 ዓ.ም አዘና ላይ ማስተማር ጀመሩ። ከዚያም በግምጃ ቤት ከተማ፣ በመጨረሻም ሕመም እስኪጥላቸው በእንጅባራ አስተምረዋል። በ1986 ዓ.ም ከወ/ሮ ፀጋነሽ ጋር ጋብቻ መሥርተው ዮናዳብንና ርብቃን ወልደዋል። ጌታን ከተቀበሉ በኋላ ቤተ ክርስቲያናቸውን በትጋት አገልግለዋል። ድምፃቸው ለመዘምራን የሚሆን ስላልነበረ ወንበር መደርደሩን ለራሳቸው ያዙት፤ ወንበሩ ሲጣመም ደግሞ ማንንም አያስቀምጡም ነበር።

በ2008 ዓ.ም የዋሻ አሳሾች ክበብን መሠረቱ። ግምጃ ቤት አካባቢ በእርሻ መካከል አፉን የከፈተ ጥልቅ ዋሻ አለ፤ ገበሬው ከብት እንዳይገባበት በእሾህ ያጥረዋል። ድንጋይ ሲወረወርበት ድምፁ ቆይቶ ነው የሚሰማው። ታች ወርዶ ያየው ሰው አልነበረምና የመምህር ዋኘው ምኞት ተማሪዎቻቸው የመጀመሪያዎቹ እንዲሆኑ ነበር። ከተማውም አልማራቸውም፤ ሰው ፈረሱን ሸልሞ ለፈረስ በዓል ሜዳ ሲወጣ እሳቸው የሰው ልጅ ሰብስበው ጉድጓድ ይፈልጋሉ እየተባለ ተሳቀባቸው።

ዘጠኝ ወጣቶች ጸኑ። እነዚህን ልጆች አራት ዓመት አሠለጠኗቸው። የክፍሉን መስኮት ሸፍነው በዴስኮቹ ሥር በደረታቸው እንዲሳቡ አደረጓቸው፤ ዓይናቸውን በነጠላ አስረው ቋጠሮ አስቋጠሯቸው፤ በዘንገና ሐይቅ ገደል ላይ ሲያወጡና ሲያወርዷቸው ዋሉ። በፉጨት ብቻ መግባባትን አስተማሯቸው። ሕግ አድርገው የሰጧቸው አንድ ነገር የተጠረጠረ ገመድ ይቆረጣል የሚለው ነበር፤ ሳይቆረጥ ከተቀመጠ አንድ ቀን ሰው ደፍሮ ይንጠለጠልበታልና። ቀድማ እንድትወርድ የመረጧት የነጋዴው የአቶ ሐሰን ልጅ አፊያ ናት፤ ከሁሉም የምትረጋጋው እሷ ስለነበረች።

ዋናው ገመድ በአንድ የቀድሞ ተማሪያቸው በኩል ከስንት ልመና በኋላ ከውጭ አገር መጣ። አሲድ እንዳይነካው ሲሉ ቤተ ሙከራ አላኖሩትም፤ መኝታ ቤታቸው አስቀመጡት። ወ/ሮ ፀጋነሽ «ከእኔ ይልቅ ለገመዱ ነው የሚያስብ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። የጉዞው ቀን ለጥር 2012 ዓ.ም ተቆረጠ፣ ፈቃዱም ወጣ።

በታኅሣሥ መጨረሻ የዕድራችን ዳኛ የአቶ አድማሴ አባት አረፉ። ነፋሱ ድንኳኑን አላቆም ሲል ከዘጠኙ አንዱ የሆነው የክበቡ ምክትል መሪ ሀብቱ ገመዱን ከቤታቸው ወስዶ ድንኳኑን ወጠረበት። መምህር ዋኘው ለሥራ ዳንግላ ነበሩ፤ ቢኖሩም ለለቅሶ ቤት ገመድ የሚከለክል የለም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የድንኳኑ አምፖል የሚበራው በመኪና ባትሪ ነበር። ለቅሶው ሲያበቃ ሀብቱ ገመዱንና ባትሪውን በአንድ ባጃጅ ጭኖ መጣ። መምህር ዋኘውም ከዳንግላ ሲመለሱ በራቸው ላይ ደረሱበት፤ ባትሪው ገመዱ ላይ ጋደል ብሎ ተቀምጧል።

የባትሪ አሲድ እንዲህ ያለውን ገመድ ውስጥ ውስጡን ይበላል፤ ከላይ ምንም አያስታውቅም። በማግስቱ ክበቡን ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰብስበው ይህንኑ አስረዱ። ሀብቱ «ቲቸር፣ ይዩት እንጂ! ምን ሆነ?» ሲላቸው «ቢታይማ ምን ቸገረኝ ልጄ» አሉት። ከዚያ በቢላዋ ቆራረጡት። አፊያ አለቀሰች።

ልጆቹ በንዴት አንዱን ቁራጭ አይሱዙ ላይ አስረው ጎተቱበት። ቁራጩ አልተበጠሰም። አሲዱ የቱን ክፍል እንደነካ፣ ጭራሽ ነክቶት እንደሆነም ያን ቀን ማንም አላወቀም፤ ዛሬም አይታወቅም። ከተማው ግን ፈረደ። ፈርተው ነው ተባለ። ልጆቻችን ላይ ቀኑ ተባለ። የዕድሩ ሽማግሌዎች «ለቅሷችን ገመድ አበላሸ ነው የሚሉን?» ብለው ይቅርታ ሊያስጠይቋቸው መጡ። እሳቸውም «ገመዱ ለሐዘን በመዋሉ ቅር አላለኝም፤ ከእንግዲህ ግን ሰው አይሸከምም» ብለው መለሱላቸው። ከዚያ ወዲህ ባለፉ ቁጥር «ጋሽ ቢላዋ» ሲባሉ ኖሩ። ይህ ቤተሰቡን አንገብግቦታል፤ ዛሬም ያንገበግበዋል።

ሌላ ገመድ ሳይገኝ ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎም መንገዱ ሁሉ ሰላም አጣ። ክበቡ ፈረሰ። ዋሻው ሳይወረድበት፣ እሾሁም እንደታጠረ አለ።

በ2015 ዓ.ም ኩላሊታቸውን ታመሙ። መንገድ ሲከፈት ባሕር ዳር እየተመላለሱ፣ ሲዘጋ ቤታቸው ተኝተው ታገሉ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከዘጠኙ አንድም ደጃቸውን የረገጠ የለም። ሀብቱ ግን ትናንት ድንኳን ሲተክል ውሏል፤ ቤተሰቡ ያመሰግነዋል። እሳቸው ስለ ልጆቹ መጠየቅ አላቋረጡም። ማን ሥራ ያዘ፣ ማን አገባ፣ ሁሉን ያውቁ ነበር፤ አፊያ ልጅ ወለደች ሲባሉ ያን ቀን ሾርባቸውን ጨርሰው ጠጡ።

መምህር ዋኘው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም በተወለዱ በ59 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ፀጋነሽ፣ ልጆቻቸው ዮናዳብና ርብቃ፣ እኅታቸው ልክየለሽ ከእሳቸው በኋላ አሉ። ዘጠኙም የክበቡ ልጆች አሉ። እጅ እግራቸው ሙሉ ነው፤ ከፊሎቹ አሁን ከኋላ ቆመዋል።

ወንድማችንን ጌታ በክብር ይቀበላቸው፤ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ያጽናናልን። ለዘጠኙም፣ እሳቸው እንደተመኙላቸው፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።